እስከ አሥረኛው ወር

ለማንም ያልነገርኩትን ላስቀድም። ዩን-ሩ አውስትራሊያ በሄደችበት ዓመት፣ እዚያ ሥራ እንዳታገኝ ባክ-ጉንግን የለመንኩት እኔ ነኝ።

ባክ-ጉንግ በእኛ፣ ሃካ በምንባለው ሕዝብ፣ ቋንቋ የአያት ታላቅ ወንድም ማለት ነው፤ የመሬቱን ጠባቂ አምላክ የምንጠራው በዚህ ስም ነው። ከፒር ዛፎቼ በላይ፣ በካምፎሩ ዛፍ ሥር፣ ከጉልበት የማታልፍ ቤት አለችው። ዘመድ ነውና፣ በትልልቆቹ ቤተ መቅደሶች ለመናገር የሚያሳፍር ነገር ለእሱ ይነገራል። ሲጠየቅ የሚመልሰው በሁለት የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ባላቸው እንጨቶች ነው። አንድ ገጻቸው ልሙጥ፣ ሌላው ጎባጣ ነው። መሬት ላይ ሲጣሉ አንዱ ልሙጡን፣ ሌላው ጎባጣውን ካሳየ «እሺ» ማለት ነው። ሁለቱም ጎባጣቸውን ካሳዩ «እምቢ» ነው። ሁለቱም ልሙጣቸውን ወደ ላይ ካደረጉ ደግሞ ባክ-ጉንግ ሳቀ ይባላል።

የዚያን ቀን «እሺ» አለኝ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ወረድኩ።

ዩን-ሩ የሟቹ ባለቤቴ የአጎት ልጅ የዉን-ዪን ልጅ ናት። ሩቅ ዘመድ ቢባልም፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የብርዱ ወራት በመጣ ቁጥር እኔ ጋ እየመጣች ቀንበጥ ትቀጥል ነበር። አገራችን ሞቃት ስለሆነ ጥሩው ፒር በራሱ አያብብም። በየዓመቱ ከብርድ አገር የመጣ ቀንበጥ ተስሎ፣ በዛፋችን ቅርንጫፍ ውስጥ ተሰክቶ፣ በላስቲክ ይጠቀለላል። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና። ልጅ አልወለድኩም። የእሷን እጅ እያየሁ፣ ዛፎቹ አንድ ቀን የእሷ ይሆናሉ እል ነበር። ለእሷ ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ከዚያ ሞተር ሳይክሏን ሸጣ የአውሮፕላን ቲኬት ገዛች። ለወጣቶች የሚሰጥ የሥራና የዕረፍት ቪዛ ነው አለች። አባቷ ዉን-ዪን በከተማችን በዶንግሺ መግቢያ ላይ ጎሚስታ ነው። በሱቁ በር ላይ እኔም ጎረቤትም እየሰማን፣ «ዕረፍት ከሆነ እዚህ ተኚ፤ ሥራ ከሆነም እዚህ ጎማ አለ!» አላት። እሷ ሻንጣዋን አልለቀቀችም። መጨረሻ ላይ ጣቱን ቀስሮ፣ «እስከ አሥረኛው ወር! እስከ አሥረኛው ወር ሥራ ካላገኘሽ ተመልሰሽ እዚህ ሱቅ ትቀመጫለሽ!» አለ።

እኔም ወደ ባክ-ጉንግ የወጣሁት ይህን ሰምቼ ነው።

ማንበብ የተማርኩት ፍሬ ከምንሸፍንበት የጋዜጣ ከረጢት ነው፤ ቤት ውስጥ ያስተማረኝ አልነበረም። ዩን-ሩ ይህን ስለምታውቅ፣ «ስልክ ላይ እርስዎ ዝም ነው የሚሉት፤ ደብዳቤ ላይ ግን ይናገራሉ» ብላ በወረቀት እንድንጻጻፍ አስማማችኝ። የላከችልኝ እነሆ፤ ወሩ የጨረቃው ሳይሆን የፈረንጆቹ ነው። የላክሁላትንም አንድ ጊዜ ለአዲስ ዓመት ስትመጣ ከነፖስታው አምጥታ ሰጥታኛለች።


ሜልበርን፣ ስድስተኛው ወር፣ 8

ለማከብርዎት ለአክስቴ ለፉንግ-ሞይ፣

ጤናዎ እንዴት ከርሟል? ጉልበትዎስ መሰላል ያስወጣዎታል? ፍሬዎን በረዶ አይምታው፤ ከረጢትዎን ወፍ አትቅደደው። እኔ በደህና ገብቻለሁ።

እዚህ አሁን ብርድ ነው። ወሩ የተገለበጠ ነው፤ እናንተ ፒር እየለቀማችሁ እኛ ካልሲ በካልሲ ላይ እንለብሳለን። የምኖረው ከብዙ ሴት ልጆች ጋር አንድ ቤት ውስጥ ነው፤ ግማሾቹ ከእኛው አገር፣ ሁለቱ ከኮሪያ። ከአልጋዬ በላይ የምትተኛው ሃ-ኡን ትባላለች። ሁላችንም ጠዋት እንወጣለን፣ ማታ እንገባለን፣ ማንም ማንንም «አገኘሽ?» ብሎ አይጠይቅም። ደንብ ሆኗል።

ሥራ ፍለጋ እንዴት እንደሆነ ልንገርዎት። ስሜና ስልኬ ያለበትን ወረቀት ይዤ በየምግብ ቤቱ እገባለሁ። አንዱ ባለቤት ከእኛው አገር የመጣ የታይናን ሰው ነው። «ሳህን አጥባለሁ» አልኩት። «እንግሊዝኛሽ ያንሳል» አለኝ። «ለሳህን እንግሊዝኛ ይፈለጋል እንዴ?» ስለው፣ «ሳህኑ አይፈልግም፤ እኔ ነኝ የምፈልገው። እኔም ስለማልችል አንድ የሚችል ያስፈልገኛል» አለኝ። ሳቅሁ። ውጪ ስወጣ ግን ሳቁ አብሮኝ አልወጣም።

ለአባቴ እየፈለገች ነው ይበሉልኝ፤ ውሸት አይደለም።

አክባሪዎ፣
ዩን-ሩ


ዶንግሺ፣ ስድስተኛው ወር፣ 23

ለልጄ ለዩን-ሩ፣

እግርሽ ከደረሰበት በር ቀና ሰው ይውጣልሽ። በእኔ በኩል ከጉልበቴ በቀር ሁሉም ደህና ነው፤ እሱም ቢሆን ከእኔ ይልቅ ለዝናብ ነው የሚታዘዘው።

ለቀማ ጀምረናል። ዘንድሮ ፍሬው ትልቅ ነው። የላይኛው ረድፍ ላይ አንቺ የቀጠልሻቸው ከሁሉም ይበልጣሉ፤ ለቃሚዎቹ «የማን እጅ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

አባትሽ አንድ ካርቶን ፒር ሊወስድ መጥቶ ነበር። «ጻፈች?» አለ። «እየፈለገች ነው» አልኩት። «ፍለጋ ሥራ ከሆነ እሷ ሥራ አላት ማለት ነው» ብሎ ካርቶኑን ሞተሩ ላይ አሰረ። ከዚያ ግን ሳይሄድ ቆይቶ፣ «እዚያ ይበርዳል አሉ» አለ።

ልጄ፣ ሥራ ማጣት ውርደት አይደለም። ያልተሳካለት ሰው ቢመለስ ማንም አይስቅበትም፤ ቢስቅም ሁለት ቀን ነው። ቤትሽ ቤት ነው። ብርዱ ሲመጣ የሚቀጠል ቀንበጥ አለ። ይህን የምልሽ እንዲቀልልሽ ነው።

አክስትሽ ፉንግ-ሞይ


እንዲቀልላት አልነበረም። ደብዳቤውን ፖስታ ቤት ሳስገባ የሚታየኝ፣ አንብባ ሻንጣዋን ስታነሳ ነበር።


ሜልበርን፣ ሰባተኛው ወር፣ 17

ለማከብርዎት ለአክስቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል? አውሎ ነፋሱ ሳይመጣ ለቀማው ያልቅልዎት። ስለዘገየሁ ይቅርታ። የምጽፈው ጥሩ ነገር እስኪገኝ እጠብቅ ነበር፤ አልተገኘም።

አንድ ሰው ነበር። በስልክ ሲያናግረኝ በእኛው በሃካ ቋንቋ፣ ያውም በዶንግሺ አነጋገር ነው። አያቱ ከወንዙ ማዶ እንደነበሩ ነገረኝ። ወደ ሰሜን የብርቱካን እርሻ ላይ ሥራና አልጋ አለ አለኝ፤ የአልጋውን መያዣ አስቀድሜ እንድልክ ጠየቀኝ። ላክሁ። አክስቴ፣ በእንግሊዝኛ ቢያናግረኝ ኖሮ እጠረጥረው ነበር። «በላሽ ወይ?» ብሎ በእኛ አፍ የሚጠይቅን ሰው ግን እንዴት ልጠርጥር?

ከአውቶቡስ ስወርድ እርሻ የለም፣ ሰው የለም፤ ስልኩም አይነሳም። እስከ ማግስቱ የሚመለስ አውቶቡስ ስላልነበረ ጣቢያው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሃ-ኡን ደውላ ስትሰማ በኮሪያኛ ሰደበችው፤ ምንም ባይገባኝም አጽናናኝ። አሁን ወደ ሜልበርን ተመልሻለሁ። ሃ-ኡን ኑድል ስትቀቅል ለሁለት ትቀቅላለች፤ እኔም አላየሁም ብዬ እበላለሁ።

ለአባቴ አይንገሩት። «የራሷ ሰው በላት» ብሎ አንድ ዓመት ያወራል። እርስዎ ያሉትን እያሰብኩ ነው፤ ስለ መመለስ።

አክባሪዎ፣
ዩን-ሩ


ደብዳቤውን ደግሜ ደግሜ አነበብኩት። የለመንኩት ሥራ እንድታጣ ነው እንጂ ሰው እንዲበላት አልነበረም። ግን ለባክ-ጉንግ እንዲህ አድርግ፣ እንዲህ አታድርግ ብዬ አላብራራሁለትም፤ «ሥራ አታግኝ» ብቻ ነው ያልኩት። እሱ ደግሞ የታዘዘውን የሚያደርግ ሽማግሌ ነው።

መልስ ልጽፍላት ብዕር አነሳሁ፤ አልቻልኩም። «አይዞሽ» ብዬ ብጽፍ ውሸታም ነኝ፤ እውነቱን ብጽፍ ደግሞ ከእንግዲህ ማን ይጽፍልኛል? ብዙ ቀናት እንዲሁ አለፉ። በስምንተኛው ወር፣ በ19ኛው ቀን፣ ሦስት ትልልቅ ፒር ይዤ ወደ ካምፎሩ ዛፍ ወጣሁ፤ ልመናዬን ልመልስ።

የባክ-ጉንግን ቤት የሚጠርገው አባባ ቲየን-ፉ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር። «ዛሬ ምን ተገኘ? ፒር በዚህ ዋጋ ሦስት?» አለ።

«ዝም ብለህ ጥረግ» አልኩት።

ተንበረከክሁ። በልቤ፣ «ያን ጊዜ ያልኩህን ተውልኝ። ልጅቱ ሥራ ታግኝ» አልኩ። እንጨቶቹን ጣልኩ። ሁለቱም ልሙጣቸውን አሳዩ። ሳቀ።

አንስቼ እንደገና ጣልኩ። ሳቀ።

አባባ ቲየን-ፉ አንገቱን አሰገገ። «እትዬ፣ ምን ብለሽው ነው?»

«አያገባህም።»

ሦስተኛ ጣልኩ። አንዱ እንጨት ተንከባሎ የአባባ ቲየን-ፉ ጫማ ጋ ሄዶ ቆመ፤ ልሙጡን ወደ ላይ አድርጎ። ሌላውም እንደዚያው። ሽማግሌው እስኪያስለው ሳቀ።

«ባል ነው የጠየቅሽው! በዚህ ዕድሜሽ ባል ጠይቀሽ ከሆነ እሱ ብቻ አይደለም፣ እኔም እስቃለሁ!»

«ባል ቢሆን ኖሮ አንተን እንዳይልክብኝ ነበር የምለምነው» አልኩት። ፊቴ ግን እንባ ስለነበረበት ቀልዱን አልቀጠለበትም። መጥረጊያውን አስቀመጠ። «ሳቅ እምቢታ አይደለም» አለ ቀስ ብሎ። «የጠየቅሽውን አልሰማሁም ማለትም አይደለም። አንዳንዴ ጥያቄው ነው የሚያስቀው።»

እኔ ግን የፌዝ ሳቅ ነው ብዬ ወረድኩ። በማግስቱ ይህን ጻፍኩላት።


ዶንግሺ፣ ስምንተኛው ወር፣ 20

ለልጄ ለዩን-ሩ፣

የበላሽ ሰው የበላው ጉሮሮው ላይ ይቅርበት። አንቺን ግን መንገድ ይቀበልሽ።

መልስ ያዘገየሁት ስለረሳሁሽ አይደለም። አባትሽ አልሰማም።

ባለፈው ስለ መመለስ የጻፍኩትን አትቁጠሪው። አሮጊት ስትደክም የምትለው ነው። መቆየት ከፈለግሽ ቆዪ። የምትቀጥይበትን ቢላዋሽን፣ ሁለት ጥቅል ላስቲክ፣ ከእንስራው ውስጥ ያለውን በጨው የደረቀ ፍጅልም ልኬልሻለሁ፤ ፍጅሉ ከአባትሽ ሠርግ ጀምሮ የተቀመጠው ነው። ሆድሽ ሲጨነቅ ከሾርባ ጋር ቀቅይው።

ጻፊልኝ። መጥፎም ቢሆን ጻፊልኝ።

አክስትሽ ፉንግ-ሞይ


የሚከተለው ደብዳቤ ከእኔው ጋር መንገድ ላይ ተላልፏል። ከመክፈቴ በፊት ፖስታውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሻይ ጠጣሁ፤ የመመለሻዋን ቀን የያዘ መስሎኝ ነበር።


ሼፓርተን አካባቢ፣ ስምንተኛው ወር፣ 18

አክስቴ! ሥራ አገኘሁ!

ሰላምታውን ረሳሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ ዛፎችዎ ሁሉ ደህና ይሁኑ። አሁን ልንገርዎት።

ሃ-ኡን ካርታ ላይ አይታ፣ «ፒር የሚበቅልበት አገር ይህ ነው፤ አንቺ የምታውቂው ፒር ነው፤ ሳህን ምን አስፈለገሽ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እኔ ለምን እንዳላሰብኩት አላውቅም። ከቤት የመጣሁበትን ነገር መልሼ መሥራት ውድቀት መስሎኝ ነበር መሰለኝ። አውቶቡስ ይዤ መጣሁ። ከበር በር በእግሬ ሄድኩ። «የለም፣ በበጋ ተመለሽ» ይሉኛል።

አንድ እርሻ ጋ ስደርስ አጥሩ ላይ ቀረሁ። ትልልቅ አሮጌ ዛፎችን አናታቸውን በመጋዝ ቆርጠው፣ ጉቶው ላይ ቀንበጥ እየሰኩ ነው። ቅጥያ! ዓይነቱን ሊቀይሩ ነው። እነሱ አንድ ጊዜ ቀጥለው ለሠላሳ ዓመት ይተዉታል። በየዓመቱ እንደምንቀጥል ብነግራቸው እብዶች ይሉናል። አጥሩን እንደያዝኩ አለቀስኩ መሰለኝ።

ባለቤቱ ሽማግሌው ዶሜኒክ የሞተር መጋዝ ይዞ ነበር። አየኝ። መጋዙን ሳያጠፋ የሆነ ነገር ጮኸ። ወደ ዛፉ፣ ወደ እኔ ጠቆመ፤ እጁን ገልብጦ ጠየቀኝ። «ስንት ዓመት ሠርተሻል?» ያለኝ መሰለኝ። ድምፄ አይሰማም፤ ስለዚህ በእጄ ስድስት አልኩት፤ እኛ ስድስት እንደምንለው፣ አውራ ጣትና ትንሿን ጣት ዘርግቼ፣ መሐሎቹን አጥፌ። እርግጠኛ እንዲሆን ከፍ አድርጌ ነቀነቅሁት።

ሽማግሌው ሳቀ። መጋዙን አጠፋና መጥቶ ስልክ ቁጥሬን ከወረቀቴ አይቶ መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈ። እኔ «ስድስት ዓመት ካለሽ ጥሩ ነው» ማለቱ ነው አልኩ።

ማታ ደወለ። በስልክ እንግሊዝኛ እንዴት እንደሚከብድ! ምንም አልገባኝም። ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ፤ ሦስት ጊዜ «አዎ» አልኩ። ጠዋት ስሄድ ነው ምን እንደመለስኩ የገባኝ። አንደኛው «ነገ በጠዋት ትመጫለሽ?» ነበር። ሁለተኛው «ዝይ ትፈሪያለሽ?» ነበር፤ እፈራለሁ ማለቴ ነው፤ አሁን እውነት ሆኗል። ሦስተኛው ደግሞ «ትራክተር መንዳት ትችያለሽ?»

አክስቴ፣ ትራክተሩ ላይ አስቀመጡኝ። ወደኋላ ሄደ። ዝዩ ሸሸ።

ሚስቱ ሮዛ ሻይ ስትሰጠኝ ባሏ ለምን እንደሚስቅ በእጇ አስረዳችኝ። በእነሱ አገር የእኛ ስድስት «ደውልልኝ» ማለት ነው! እሱ የጠየቀኝ «እዚህ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ አጥር ላይ ቆሜ አንድ የማላውቀውን ሽማግሌ፣ «ደውልልኝ! ደውልልኝ!» እያልኩ እጄን እነቀንቃለሁ። «በዕድሜዬ እንዲህ ያለችኝ የለችም፤ ካልደወልኩማ ነውር ነው» ብሎ ነው የደወለው። ሮዛ በትከሻው ላይ በጨርቅ መታችው።

ከዚያ ቢላዋ ሰጡኝ። ቢላዋው ጥሩ አይደለም። እጄ ግን የራሱ ነበር። እስከ ምሳ ስቀጥል ቆይቼ ቀና ስል ዶሜኒክ አጠገቤ ቆሟል። አልሳቀም። «ነገም» አለ።

ለአባቴ አሁን ይንገሩት! ስለ ትራክተሩ ግን አይንገሩት።

የእርስዎ ዩን-ሩ


ቀኑን ደጋግሜ አየሁት። ስምንተኛው ወር፣ 18። እኔ በማግስቱ ካምፎሩ ሥር ተንበርክኬ «ሥራ ታግኝ» ስል፣ ልጅቱ ትራክተር ላይ ሆና ዝይ አባርራ ጨርሳ ነበር። ባክ-ጉንግ በእኔ ሊስቅ መብት ነበረው። ብቻዬን ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጬ፣ አፌን በሽርጤ ይዤ፣ ጎኔን እስኪያመኝ ሳቅሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።


ዶንግሺ፣ ዘጠነኛው ወር፣ 5

ለልጄ ለዩን-ሩ፣

የቀጠልሽው ሁሉ ይያዝልሽ፤ አንድም አይድረቅብሽ።

ደብዳቤሽን ይዤ ወዲያው አባትሽ ጋ ወረድኩ። ከመኪና ሥር ነበር፤ እግሩ ብቻ ይታያል። «ሥራ አገኘች» አልኩት። እግሩ መንቀሳቀሱን አቆመ። «ምን ሥራ?» «ቅጥያ። ፒር።»  ይቅር በይኝ ልጄ፣ ስለ ትራክተሩም ነገርኩት። ከመኪናው ሥር ወጥቶ፣ «ትራክተር? የእኔን መኪና ወደኋላ ስትነዳ የጎረቤት ግንብ ያፈረሰችው ልጅ?» አለ። ከዚያ ለሚያልፈው ሁሉ ይነግር ጀመር። ዳቦ ለሚሸጠው፣ ለፖስተኛው፣ ጎማ ሊያስነፋ ለመጣው። «ልጄ አውስትራሊያ ውስጥ ትራክተር ትነዳለች፤ ግንብ ካያችሁ ንገሯት» ይላል።

ስሄድ ግን ተከተለኝና፣ «እንግዲህ በአሥረኛው ወር አትመለስም ማለት ነው» አለ። «አትመለስም» አልኩት። እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ንጹሕ ከሆነ በኋላም መጥረጉን አልተወም።

አክስትሽ ፉንግ-ሞይ


ሼፓርተን አካባቢ፣ አሥረኛው ወር፣ 31

ለማከብርዎት ለአክስቴ ለፉንግ-ሞይ፣

ብርዱ ከመግባቱ በፊት ጤና ይስጥዎት፤ የዘንድሮውን ቀንበጥ የሚቀጥልልዎት ሰውም ይላክልዎት። እኔ ባለመሆኔ ይቅር ይበሉኝ።

ቢላዋውና ላስቲኩ ደርሰውኛል። ዶሜኒክ ቢላዋውን ተበድሮ መመለስ እምቢ ብሎ ነበር። ፍጅሉን ግን የጉምሩክ ሰዎች ወስደው አቃጠሉት። «ምንነቱ ያልታወቀ ጥቁር ሥር» የሚል ወረቀት ላኩልኝ። የአባቴ ሠርግ ፍጅል!

የቀጠልኩት ሁሉ ይዟል፤ ቅጠል አውጥቷል። ዶሜኒክ ለሚመጣው ዓመትም እንድቆይ ጠይቆኛል፤ እሺ ብያለሁ። በዛፎቹ መሐል ስሄድ የማን ልጅ እንደሆንኩ የሚያውቅ የለም፤ እጄን ግን ያውቁታል። ይህን ወድጄዋለሁ።

ዛሬ የአሥረኛው ወር የመጨረሻ ቀን ነውና አንድ ነገር ልንገርዎት። አባቴ በር ላይ ቆሞ «እስከ አሥረኛው ወር» ሲለኝ ሊያስፈራራኝ ነበር፤ አውቃለሁ። እኔ ግን ያ የበላኝ ሰው ጠፍቶ አውቶቡስ ጣቢያው ወንበር ላይ ስቀመጥ፣ «አባቴ እስከ አሥረኛው ወር ፈቅዶልኛል፤ ገና ሰባተኛው ነው፤ ምን አስቸኮለኝ?» እል ነበር። ሰው በር ሲዘጋብኝም እንዲሁ እል ነበር። እሱ ገደብ ነው የሰጠኝ፤ እኔ እንደ ስንቅ በላሁት። ያ ቃል ባይኖር በመጀመሪያው ሳምንት እመለስ ነበር።

ይህን ለአባቴ ይንገሩልኝ። እኔ ብነግረው ስለ ጎማ ዋጋ ማውራት ይጀምራል። እርስዎ ሲናገሩ ግን ይሰማል፤ ብዙ ስለማይናገሩ።

የእርስዎ ዩን-ሩ


ዶንግሺ፣ አሥራ አንደኛው ወር፣ 22

ለልጄ ለዩን-ሩ፣

ያለሽበት መሬት እንደ ዘመድ ይያዝሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ቀንበጡ ከጃፓን መጥቶ ማቀዝቀዣ ገብቷል። ከላይኛው መንደር ሁለት ሴቶች ይረዱኛል። አባትሽ ደህና ነው።

ፍጅል ሌላ አለ፤ ስትመጪ ትበያለሽ።

አክስትሽ ፉንግ-ሞይ


ያለችኝን ለአባቷ አልነገርኩትም። በዚያ ደብዳቤ ላይ «አባትሽ ደህና ነው» ብዬ ያለፍኩት ስላልነገርኩት ነው። መጀመሪያ ላይ፣ ካላወቀ ተቆጥቶ «ነይ» ብሎ ይጽፍላት ይሆናል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ ቃሉ እንደረዳት ካወቀ ልቡ አርፎ ይተዋታል። ከባክ-ጉንግ ልመናዬን መልሼ ወስጄ፣ እሷን የመመለሱን ነገር እኔው በእጄ ቀጠልኩበት። በዓመቱም አልተመለሰች፣ በሚቀጥለውም አልተመለሰችም። ዛሬ ዶሜኒክ አርጅቶ እርሻውን የምትመራው እሷ ናት። በየሁለት ዓመቱ ለአዲስ ዓመት ትመጣለች፤ ከአባቷ ጋር ስለ ጎማና ስለ ዝናብ ያወራሉ፤ ሁለቱም ወደ እኔ ያያሉ። «ነገሩት?» ብላ ጠይቃኝ አታውቅም፤ ነግሬው ዝም ያለ መስሏታል። እሱ ደግሞ በየጊዜው፣ «እትዬ፣ በር ላይ ቆሜ ያን ባልላት ኖሮ ትመለስ ነበር፤ እኔ ነኝ ያባረርኳት» ይላል። እኔም ሻይ እቀዳለታለሁ። ጥፋቱ በእሱ እጅ እስካለ ድረስ ማንም የእኔን እጅ አያይም ነበር።

ባለፈው ሳምንት የዓይን ሞራውን ተገፎ መጣ። ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ጮክ ብሎ እያነበበ እንደ ሕፃን ተደሰተ። ከዚያ ያንኑ ቃል ደገመው፤ «እኔ ነኝ ያባረርኳት።» በዚያ አዲስ ዓይኑ እያየኝ ስለነበር ሻይ ለመቅዳት መነሳት አቃተኝ። «ዉን-ዪን፣ የምታነበው ነገር አለኝ» አልኩት። «ምን?» አለ። «ጽፌ ስጨርስ» አልኩት።

ጨርሻለሁ። ቢቆጣኝ እውነቱ ነው፤ ቁጣው ግን እኔ ጋ ይምጣ እንጂ ከእንግዲህ ራሱ ጋ አይደር። ደረቴ ላይ የነበረው ድንጋይ ገና ሳልሰጠው ቀሎኛል። ነገ ሱቁ ሳይከፈት፣ ከእነዚያ ደብዳቤዎች ጋር እነዚህን ገጾች በእጁ የሚቀበለው፣ ልጁን በአንድ ቃል እስከ አሥረኛው ወር ያቆያት ሰው፣ የዩን-ሩ አባት ዉን-ዪን ነው።